ዋስ የሌለው ገበያ፦ የመኪና ስርቆትና የተኛው አንቀጽ

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከገበያው ነው። ዛሬ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ቁልቁል በሚመለከተው፣ በ2009 ዓ.ም. ለባለ ዕድለኞች ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 መኖሪያ ቤቶች በቆሙበት በዚያ ሰፈር በአንድ ወቅት የደለበ በሬ ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር። በሬዎቹ ሄዱ፤ ስሙ ቀረ። በበሬዎቹ ቦታ መኪናዎች ተሰለፉ። ሌባው ግን አልሄደም። የሚሰርቀውን ዕቃ ብቻ ቀየረ።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ በዚሁ ሰፈር መኪናውን ጥግ አስይዞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጉዳይ ሊፈጽም ወደ አንድ ሕንፃ ገባ። ሲመለስ መኪናው ሁለቱንም ስፖኪዮ አጥቶ፣ ጆሮው እንደ ተቆረጠ እንስሳ ቆሞ ጠበቀው። መኪና የሚጠብቀው ልጅ አላየም። ሊስትሮው አላየም። በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላዋም አላየችም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ ተመዘገበለት።

በማግስቱ ከከተማዋ የመለዋወጫ ገበያዎች ወደ አንዱ ሄደ። ሻጩ የመኪናውን ሞዴል ጠይቆ ከጓዳ ሁለት ስፖኪዮ ይዞ ወጣ። በመስታወቱ ጥግ ላይ የተፋቀ ጽሑፍ ነበር። ወዳጄ ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ቢያየው፣ እርሱ ራሱ ያስቀረጸው የታርጋ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በሚገባ አልጠፉም ነበር።

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ተከራክሬ ዋጋ አስቀነስሁና ገዛሁት» አለኝ። «ምን ላድርግ? አዲሱ አይቀመስም።»

እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ደረሰኝ ተቀብሎ እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነገሩን ሳብሰለስለው ግን፣ ከስርቆቱ ይልቅ የሁለታችን ሳቅ አሳፈረኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያች ሳቅ ናት።

ለመሆኑ ቅጣቱ አንሶ ነውን?

የመኪና ስርቆት በተነሣ ቁጥር፣ በታክሲም ይሁን በቢሮ፣ አስቀድሞ የሚሰማው ብያኔ «ሕጉ ላልቷል» የሚለው ነው። ዛሬ ታስሮ ነገ ይፈታል ይባላል። እጁን ቢቆርጡት ኖሮ ሁለተኛ አይለምደውም የሚልም አይጠፋም። ቁጣው ይገባኛል። ለብዙ ሰው መኪና ከቤት ቀጥሎ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው፤ ለታክሲ ነጂው ደግሞ ጥሪት ብቻ ሳይሆን እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ከመፍረዳችን በፊት ሕጉን ገልጠን ማየት ይገባናል።

በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የስርቆት ድንጋጌዎቹን በጠቅላላው ለተንቀሳቃሽ ንብረት የጻፈ በመሆኑ፣ መኪናም በእነርሱ ውስጥ ይወድቃል። ተራ ስርቆት በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት፣ ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሌባው በቡድን ተደራጅቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ስርቆትን መተዳደሪያ ሙያው አድርጎት እንደ ሆነ አንቀጽ 669 ይከተላል፤ ቅጣቱም ከ1 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ኃይል የተጨመረበት እንደ ሆነ ነገሩ ስርቆት መሆኑ ቀርቶ ውንብድና ይሆናል። ከባድ ውንብድና በአንቀጽ 671 ከ5 ዓመት ጀምሮ እስከ 25 ዓመት፣ እጅግ በከፋ ጊዜም እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ያደርሳል። ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የፈጸመውን ለመሸፈን ሲል ሰው የገደለም በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል።

ይህ የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በስልክ ጥሪ የሚሠሩ የታክሲ ነጂዎች እንደ መንገደኛ በተሳፈሩ ሰዎች ተገድለው መኪናቸው የተወሰደበትን ዜና ደጋግመን ሰምተናል። እንዲህ ላለው ጭካኔ ሕጋችን ያልሰነቀው ቅጣት የለም።

ላላ የሚባል ሕግ ይህ አይደለም። እንዲያውም ከተራው እስራት እስከ ሞት ፍርድ ድረስ መሰላሉን በደረጃ በደረጃ ዘርግቷል። ዳኞች በተመሳሳይ ጉዳይ የተራራቀ ቅጣት እንዳይወስኑ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል። እንግዲህ የጎደለው የቅጣት ክብደት ካልሆነ የጎደለው ምንድን ነው?

ገመድም አለንጋም ተሞክሯል

ቅጣት በማክበድ ስርቆት የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በጠፋ ነበር። በአገራችን የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና የግርፋት ቅጣት ተጨምሮበት ነበር። አለንጋው ስንት ጀርባ እንደ ተለተለ ጀርባዎቹ ያውቃሉ፤ ስርቆት ግን ከአገር አልወጣም። በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብዓዊና ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ከለከለ፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግም ግርፋት ስፍራ የለውም።

እንግሊዞች ደግሞ ከእኛ የባሰውን ሞክረዋል። እስከ እ.ኤ.አ. 1832 ድረስ በእንግሊዝ አገር ፈረስ፣ በግ ወይም የቀንድ ከብት መስረቅ በስቅላት ያስቀጣ ነበር። ገመዱ ግን ሌባውን ብቻ አላስፈራም፤ ባለንብረቱንና ፈራጆቹንም አስፈራ። ስለ አንድ በግ ሲባል ሰው የሚያሰቅል ምስክርነት መስጠት ለብዙ ሰው ኅሊና ከበደው። ሕጉ በጠነከረ ቁጥር ሌባው የማምለጥ ዕድሉ ሰፋ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፉ አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ መክበድ ሳይሆን የቅጣቱ አይቀሬነት ነው።

ይህን ወደ ሰንጋ ተራ እናምጣው። ስፖኪዮ ለመንቀል ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። የሚያዘው ሌባ ጥቂት፣ የሚያመልጠው ብዙ በሆነበት ከተማ፣ 5 ዓመትም ሆነ 15 ዓመት ለሌባው የሩቅ ዕጣ ነው። ማንም ሰው ይህ ክፉ ዕጣ ለእኔ ይወጣል ብሎ አያስብም።

ሌባ ስፖኪዮ አይበላም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሌባ ስፖኪዮ አይበላም። ሁለት መስታወት በጉያው ሸጉጦ የሚሮጠው ልጅ መኪና የለውም፤ ምናልባት ሊኖረውም አይችል። ፍሬቻም፣ የኋላ መብራትም፣ ባትሪም ለእርሱ ፋይዳ የላቸውም። እነዚህ ነገሮች ዋጋ የሚያገኙት የሚገዛቸው ሰው ስላለ ብቻ ነው። ገዢ በሌለበት ስፖኪዮ ፕላስቲክና ብርጭቆ ነው።

ታዲያ ገዢው ለምን በዛ? አንድ ነገር ልብ እንበል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የእነዚህን ፖሊሲዎች ዓላማ እዚህ አልሟገትም፤ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ውጤታቸውን ግን ማየት ያስፈልጋል። ከእንግዲህ በጎዳናው ላይ ያለችው አሮጌ ቶዮታ ተተኪ የላትም። ባለቤቷ እስከ መጨረሻው እየጠጋገነ ሊነዳት ግድ ነው። አዲስ መለዋወጫ ከውጭ ምንዛሪው ጋር ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ያገለገለ ዕቃ ወርቅ ይሆናል። መንግሥት መኪናን ሲያስወድድ፣ ሳያስበው፣ በየመንገዱ ለቆሙት መኪናዎች ክፍሎች ሁሉ ዋጋ ቆርጦላቸዋል።

ይህ ሲሆን ገዢውን የሚጠይቅ ሕግ የለም ማለት አይደለም። አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 መሸሸግን ይከለክላል። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዕቃውን የገዛ፣ በስጦታ ወይም በመያዣ የተቀበለ፣ የደበቀ ወይም የሸጠ ሰው በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል። «ማወቅ ሲገባው» የምትለውን ሐረግ አንባቢ ልብ ይበላት። ሕጉ ገዢው «አላውቅም ነበር» ብሎ እንዲያመልጥ አልፈቀደለትም። ከገበያ ዋጋ እጅግ በወረደ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ቁጥሩ የተፋቀ መስታወት ከማያውቀው ሰው የሚገዛ ነጋዴ ማወቅ አይገባውም የሚል ማን ነው?

ሕጉ እንግዲህ አለ፤ ግን ተኝቷል። ከሰንጋ ተራ ብዙ ሳንርቅ ልደታ ላይ ፍርድ ቤቱ ይገኛል። እኔ በታደምሁባቸው የስርቆት ችሎቶች ተከሳሽ ሆኖ ቆሞ ያየሁት ሌባውን ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሰውነቱ ክሳት ከዕድሜው የሚያሳንሰው ልጅ። ለማን ትሸጥ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም። የልጁ መያዝ የምርመራው መጀመሪያ መሆን ሲገባው መጨረሻው ይሆናል። አንዱ ልጅ ሲታሰር ነጋዴው በማግስቱ ሌላ ልጅ ያገኛል፤ ድኅነት ምልምል አያሳጣውምና። ጉድጓዱ ሳይደፈን ውኃ እንደ መቅዳት ያለ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ እኛ ባለመኪናዎቹም አለንበት። ወዳጄ የገዛ ንብረቱን መልሶ ስለ ገዛ ሕጉ ላይነካው ይችላል። ነገር ግን ያንን መስታወት በእጁ ይዞ፣ ቁጥሩን እያነበበ፣ ፖሊስ ሊጠራ ሲችል ዋጋ ተከራከረ። አልፈርድበትም። ምስክር ሆኖ ለመቅረብ ስንት የሥራ ቀን እንደሚያጠፋ ያውቃል። ከዚያም በላይ መስታወቱ ለማስረጃነት ተይዞ እርሱ ያለ ስፖኪዮ ሊከርም ነው። ፍትሕ ከስፖኪዮ ይልቅ በተወደደበት አገር ሰው ስፖኪዮውን ቢመርጥ ምን ይደንቃል? ግን በማግስቱ ከዚያው ሱቅ የእኔን ስፖኪዮ የሚገዛው ሰው፣ በሳምንቱ ደግሞ የእርስዎን የምገዛው እኔ፣ ሁላችንም በአንቀጽ 682 ደጃፍ እናልፋለን።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በዚህ ቦታ የሚነሡ ሁለት ተገቢ መከራከሪያዎች አሉ። አንደኛው፣ ያገለገለ ዕቃ ንግድ የሺሕዎች እንጀራ ነው፤ አብዛኛውም ነጋዴ ንጹሕ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። የተገጨች መኪና ፈታትቶ መሸጥ የተከበረ ሙያ ነው፤ ያለ እርሱ የከተማችን ታክሲዎች ግማሹ ቆመው ይቀሩ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሁለተኛው መከራከሪያ ከፊተኛው ይከብዳል። በአገራችን ቁጥጥር ሲባል ብዙ ጊዜ ዘመቻ ማለት ነው፤ ዘመቻ ደግሞ ሱቅ ማሸግ፣ ዕቃ መውረስና ለተቆጣጣሪው ኪስ አዲስ በር መክፈት ይሆናል።

ይህን ስጋት አቅልዬ አላየውም። የቅርቡን ምሳሌ እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ንጥቂያና ዘረፋ በዛ በማለት ሞተር ሳይክሎች ያለ ልዩ ፈቃድ በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። ሞተሩን ለሥራ የሚጠቀመው ጎልማሳ ከነጣቂው ጋር በአንድነት ተቀጣ። የተነጠቀውን ስልክ የሚገዛው ሰው ግን በዕገዳው አልተነካም። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው።

እኔ የምለው ከዘመቻ የራቀ፣ ትንሽና አሰልቺ ነገር ነው። መዝገብ።

እንግሊዝና ዌልስ የመዳብ ሽቦና የብረት ስርቆት ባስጨነቃቸው ጊዜ የሌባውን ቅጣት በማክበድ ብቻ አልተወሰኑም። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ቁርጥራጭ ብረት በጥሬ ገንዘብ መግዛት ተከለከለ፤ በ2013 የወጣው ሕግም ነጋዴው የሻጩን ማንነት አረጋግጦ እንዲመዘግብ ግዴታ ጣለበት። አሜሪካ ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ በብዛት የሚሰረቁ የመኪና ዓይነቶች ዋና ዋና ክፍሎች መለያ ቁጥር እንዲታተምባቸው አዘዘች፤ መኪናው ቢፈታታም እያንዳንዱ ክፍል የት እንደ ነበረ እንዲናገር። የእኛ ከተማ ሰው ይህንኑ ማንም ሳያዘው ጀምሮታል፤ ታርጋውን በመስታወቱ ላይ ማስቀረጹ ሌላ ምን ነው? ሕዝቡ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ጨርሷል። የጎደለው ያንን ቁጥር የሚያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ያገለገለ መለዋወጫ የሚገዛ ነጋዴ የሻጩን መታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ቀኑን በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ዛሬ የፋይዳ ቁጥር ባለበት ዘመን ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የተቀረጸ ቁጥር የተፋቀበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ ራሱን የቻለ ጥፋት ተደርጎ በግልጽ ይጻፍ። ያኔ ዐቃቤ ሕግ የነጋዴውን ልብ መመርመር አያስፈልገውም፤ መስታወቱን ማሳየት ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ስፖኪዮ ሰርቆ በተያዘ ልጅ ሁሉ መዝገብ ላይ «ለማን ሸጥህ?» የሚለው ጥያቄና መልሱ ይጻፍ። ልጁ እውነቱን ተናግሮ ገዢው ከተያዘ፣ ይህ ለልጁ ቅጣት ማቅለያ ይሁንለት።

መዝገቡ ለንጹሑ ነጋዴ ሸክም ሳይሆን ጋሻ ነው። ፖሊስ በመጣ ጊዜ ጉቦ ከመስጠት ይልቅ ገጽ ገልጦ ያሳያል። መዝገብ የሌለው ደግሞ ለምን እንደ ሌለው ይናገር።

ዋስህ ማን ነው?

የጥንቱ የሰንጋ ገበያ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ብል አንባቢ አይሳቅብኝ። የማያውቀውን ሰው በሬ የሚገዛ ገበሬ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩን የሚያውቅ፣ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መካከል ይቆማል። ዋስ የሌለው በሬ ምንም ቢሰባ፣ ዋጋውም ምንም ቢረክስ፣ ዐዋቂ ገዢ አይነካውም። ስርቆት ሲፈጸምም አውጫጪኝ ተቀምጦ ያየ የሰማ እንዲናገር አገሬው ሁሉ ይጠየቅ ነበር። ያ ሥርዓት ግፍ አልነበረበትም አልልም፤ ብዙ ንጹሕ ሰው ተንገላቶበታል። አንድ ነገር ግን በሚገባ ተረድቶ ነበር፦ ስርቆት የሌባው ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ።

እኛ የተማርነው ከተሜዎች፣ ሰማይ በሚነካ ሕንፃ ሥር መኪና የምናቆመው፣ ያንን የገበሬ ጥያቄ ረሳነው። ስለ ሌባው እጅ መቆረጥ እንሟገታለን፤ የእኛን እጅ ግን ወደ ኪሳችን ሰድደን ያለ ደረሰኝ እንከፍላለን። ለሌባው የዕለት ደመወዙን የምንከፍለው እኛው ነን።

ወዳጄን ትናንት አገኘሁት። ስፖኪዮዎቹ በቦታቸው አሉ፤ ቁጥሩን በአዲስ መልክ፣ በጥልቀት አስቀርጾባቸዋል። «አሁንስ ቢሰረቅ?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «ከዚያ ሱቅ አልገዛም» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም። ትንሽ ነገር ናት። ግን ገበያ የሚስተካከለው ሕግ ሲነቃና ገዢ ሲያፍር በአንድነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ዛሬውኑ በእጃችን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ርካሽ ስፖኪዮ ሲያዩ፣ እባክዎ፣ ገንዘብዎን ከመቁጠርዎ በፊት እንደ ጥንቱ ገበሬ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ዋስህ ማን ነው?

ቸር ይግጠመን።